ጠመንጃ የማይመስል ምንሽር

ከሜልበርን ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ክፍል የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ካንጋሮ ነው። ካንጋሮ አላየሁም። ስለ ታወቁ ሕንፃዎችም ብዙ የምናገረው የለኝም። ከቆየሁበት ሁለት ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳለፍኩት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እሳቸው መጀመሪያ ጠመንጃ የሚመስል፣ በኋላ ደግሞ ጠመንጃ የማይመስል ነገር ሲሠሩ እያየሁ። በቅደም ተከተል ካላስረዳሁት እብድ መምሰሌ ስለማይቀር ከመነሻው እጀምራለሁ።

ሰኞ

አጎቴ ጋሼ ደምሰው የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ወጥተው ሜልበርን ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አናጢ ናቸው፤ ሰንሻይን በሚባለው ሰፈር የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የመጨረሻ ልጃቸው ኤደን ከሰኔ ጾም በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ባለችው ጠባብ ጊዜ ልታገባ ነበርና እኔም ተጠራሁ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ቪዛውም እንደ ምንም ተገኘ። ጋሼ ደምሰው አምጪልኝ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአያቴን ምንሽር ልክ።

ምንሽሩን አይደለም፤ ልኩን። ጠመንጃው ደብረ ብርሃን አባቴ ቤት፣ በሕግ ተመዝግቦ ከቁም ሣጥን ጀርባ ቆሟል። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ይዘውት ጫካ የገቡት ነው። በቤተሰባችን ሴት ልጅ ስትዳር አባትየው ምንሽሩን ይዞ ይፎክራል፤ ሲጨርስ ሰደፉን ወደ ሙሽራው ወገን ታላቅ ያዞራል፤ እኚያ ታላቅ በእጃቸው ነክተው ይመርቃሉ። አባቴ ለእኅቴ እንዲህ አድርጓል። ጋሼ ደምሰው ግን ሁለቱን ትልልቅ ሴቶች ልጆቻቸውን ሲድሩ የፎከሩት በባዶ እጃቸው ነበር። በስልክ ለአባቴ ሲነግሩት፣ ድምፁስ ወጣልኝ፣ እጄን የት እንደማደርገው ግን ጠፋኝ ብለዋል። ለመጨረሻዋ እንዲህ እንዳይሆን ቆርጠዋል።

እኔም ምንሽሩን በሜትርና በማስመሪያ ለካሁት። በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ከጎንና ከላይ የሚታይበትን ሁለት ሥዕል ሠራሁ፤ ቃታውን፣ ሰደፉን፣ አፈሙዙን፣ እያንዳንዱን ከነቁጥሩ አስቀመጥኩ። ሰደፉ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሳይቀር በነጠብጣብ መስመር አሳየሁ። ወረቀቱን ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አስተኛሁትና በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። አውሮፕላኑ የተነሣው ማታ ነው።

ማክሰኞ

ባንኮክ ላይ አውሮፕላን ይቀየራል። እኔ ሰዓት አክባሪ ስለሆንኩ ከሰዓቱ አምስት ሰዓት ቀድሜ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ግን በመሃል ተቀይሮ ነበር። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ትኬቴን አይታ እጄን ይዛ፣ አንድ ቃል ሳንግባባ፣ የአንድ ቀበሌ ያህል ርቀት ወስዳኝ ትክክለኛው በር ላይ አደረሰችኝ። ስሟን አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ረቡዕ

ወደ አውስትራሊያ የሚገባ ሰው አንድ ካርድ ይሞላል። ምግብ ይዘሃል? ዘር ይዘሃል? የጦር መሣሪያ ይዘሃል? እያለ ይጠይቃል። ምግቡ ላይ አዎ አልኩ። መሣሪያው ላይ ስደርስ አሰብኩ። ጠመንጃ አልያዝኩም፤ ጠመንጃ ግን ከነልኩ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ዋሽታ ገባች ከምባል ብዬ አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና አጠገቡ በእንግሊዝኛ «በወረቀት ላይ» ብዬ ጻፍኩ።

ለዚህች ለአንዲት መስመር ሁለት ሰዓት ከፈልኩ። አንድ ፖሊስ መጣ፤ ወረቀቱን ዘርግቶ ሌላ ጠራ። ሁለተኛዋ ሦስተኛ ጠራች። ሦስተኛው ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር፤ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆየና የሰደፉ ስንጥቅ በአገልግሎት የመጣ ነው ወይስ ከሥሪቱ ብሎ ጠየቀኝ። አያቴ ገደል ሲወርዱ ወድቀውበት መሆኑን፣ የነጠብጣብ መስመር ለምን እንደምንጠቀምና ይህንንም ለሰባተኛ ክፍል እንዴት እንደማስተምር አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወረቀቱን እንደነበረ ጠቅልሎ ሰጠኝና ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን የጤና አዳም ፍሬ ወሰደ።

ጋሼ ደምሰው ውጭ ቆመው ጠበቁኝ። እናቴን፣ አባቴን፣ እኅቴን፣ ጎረቤቶቹን፣ ላሟን ሳይቀር በየተራ ጠይቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ወረቀቱ ጠየቁኝ።

«ወረቀቱ አልፏል፣ ጋሼ። የተያዘው ጤና አዳሙ ነው» አልኳቸው።

ቤታቸው ዌስት ፉትስክሬይ ነው፤ ፎቅ የሌላቸው የእንጨት ቤቶች ተደርድረው፣ አጥራቸው እስከ ወገብ ብቻ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ረቡዕ በመሆኑ ሽሮና ጎመን አቀረቡልኝ። ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ስለሆንኩ ስለ ብርድ መናገር እችላለሁ፤ የሜልበርን ብርድ ከእኛ አይብስም። ልዩነቱ እኛ ብርዱን አምነን ጋቢ እንለብሳለን፣ እነሱ በቁምጣ ይክዱታል። ቤታቸው ውስጥ ግን ከውጭ ይልቅ ይበርዳል። ለዚህም ይመስላል እትዬ አስካለ ያስተኙኝ አልጋ ሶኬት ነበረው። ከአንሶላው ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ አለ። ደግነታቸው ገብቶኛል፤ እኔ ግን በኤሌክትሪክ ላይ መተኛት አልሆነልኝም። ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጬ አገኙኝ።

ሐሙስ

ጋራዡ መኪና ገብቶበት አያውቅም። ሞርሳው፣ መጋዙ፣ መላጊያው፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ ቦታ ቦታውን ይዟል። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝና በጣም ደስ አለኝ። ከመሣሪያዎቹ መሃል አንድ ደብዳቤና አንድ ከኢንተርኔት የታተመ የጠመንጃ ፎቶ ተለጥፎ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጋሼ ደምሰው መጀመሪያ ያሰቡት መሥራት ሳይሆን መግዛት ነበር። ኤርሶፍት የሚባል ጨዋታ አለ። ትልልቅ ሰዎች የድሮ ጦርነት ጠመንጃዎችን አምሳያ ይይዛሉ፤ ክብደቱ፣ እንጨቱ፣ መዝጊያው እንደ እውነተኛው ነው፤ የሚተፋው ግን የአተር ፍሬ የምታህል የፕላስቲክ ኳስ ነው። የዚያን ዘመን የወታደር ልብስ ለብሰው ጫካ ገብተው ይተኳኮሳሉ፤ የተመታው እጁን አንሥቶ ይወጣና ሻይ ይጠጣል። ጋሼ ደምሰው ምንሽራችንን የሚመስል አንዱን ከሆንግ ኮንግ አዘዙ። በእሱ ፈንታ ደብዳቤ መጣ። በዚህ ክልል ጠመንጃ የሚመስል ነገር ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም፣ ዕቃው ተይዟል ይላል።

እሳቸው ስለ መያዙ ብዙ አላዘኑም። «ፎቶውን እዪው» አሉኝ። «ሰደፉ ወፍራም ነው። ይኼን ይዤ ብፎክር አባቴ ከመቃብር ይስቁብኝ ነበር።»

ስለዚህ በእንጨት ሊሠሩት ተነሡ። ቅርጹን በግምት ቀድመው አውጥተው ነበርና የቀረው ልክ ማስገባት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ቀኝ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ያየሁት። አንድ ዓመት ሆነው አሉ። የእጅ አንጓቸውን በሰፊ ጨርቅ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያስራሉ፤ መላጊያው እጃቸው ሥር ከሚሄድ ይልቅ እንጨቱን በግራ እጃቸው ወደ መላጊያው ይስባሉ። ቁጥሩን እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይስባሉ። እንዲህ እያልን ቀኑ አለቀ። አመሻሹ ላይ አፈሙዙን ጥቁር ቀለም ቀብተው ሲያነሡት፣ እንጨት መሆኑን እያወቅኩ፣ ወደ እኔ ሲዞር ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ።

ኤደን ከሥራ የመጣችው ያኔ ነው። የምትሠራው ጠበቆች ቢሮ ነው። አየችው፣ ካፖርቷን አውልቃ ጣለችበት፣ የጋራዡንም በር ጎትታ ዘጋች።

«ዳዲ፣ ይኼ ኢሊጋል ነው።»

«እንጨት ነው እኮ።»

«እንጨት አይመስልማ! ፕሮብለሙ እሱ ነው።»

ከመጣሁ ጀምሮ ጋሼ ደምሰው በሙሉ ፊታቸው ሲስቁ ያየሁት ይህን ጊዜ ነው።

ኤደን ቢሮዋ ውስጥ ጠይቃ ነበር። ያየው ሰው እውነተኛ ጠመንጃ ነው ብሎ ሊሳሳት የሚችልበት ነገር ከሆነ፣ ይተኩስም አይተኩስ፣ ሕጉ ይከለክለዋል። ሰርጉ የሚደረግበት ክሬጊበርን ያለው አዳራሽ ኃላፊ፣ ግሌንዳ የምትባል ሴት፣ ጉዳዩን ሰምታ ዓርብ ዕለት በዓይኔ ልየው ብላለች። ጠመንጃ ከመሰላት አይገባም፤ ተደብቆ ከገባም ሰርጉን ታቋርጣለች። ስለዚህ ጋሼ ደምሰው አንድ ምርጫ ብቻ ነበራቸው፤ ጠመንጃውን ማበላሸት።

እሳቸው ካፖርቱን ከእንጨቱ ላይ አነሡ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ዘረጉልን።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የደምሰው እጅ አለቀለት እየተባለ ነው» አሉ። «ባለፈው የወንበር እግር ልጠግን ብል ሌላ ሰው ጠሩ። ቅዳሜ ሁለት መቶ ሰው ፊት የተንሻፈፈ ነገር ይዤ ብወጣ ምን ይላሉ?»

«ሆን ብለህ እንደሆነ አናውንስ እናደርጋለን» አለች ኤደን።

«በማይክሮፎን?»

ኤደን ካፖርቷን መልሳ ለበሰች። እኔም ወረቀቴን ጠቀለልኩ።

ዓርብ

ጠዋት ጎረቤታቸው ዳረን በሩን አንኳኳ። የመላጊያውን ድምፅ ሲሰማ ሰንብቶ ነበር። አምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ጠና ያለ ሰው ነው፤ በዚያ ብርድ በቁምጣ። ጋሼ ደምሰው ምን እንደሚሠሩ ሲነግሩት ዓይኑ በራና ኑ ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደን።

ሳሎኑ ውስጥ የድሮ ጦርነት ወታደር ቆሟል። የልብስ መደብር አሻንጉሊት ነው፤ ኮቱ፣ ቆቡ፣ ጫማው፣ ዝናሩ ሁሉ ተሟልቶለታል። ሁለት እጆቹ ጠመንጃ እንደያዘ ሰው ታጥፈዋል፤ ግን ምንም አልያዙም። ዳረን የኤርሶፍት ፍቅረኛ ነው። እዚህ ስለማይፈቀድ በዓመት አንዴ ፊሊፒንስ ሄዶ ይጫወታል፤ የጠመንጃው አምሳያ እዚያ ጓደኛው ዘንድ ይኖራል። በየሳምንቱ እሑድ ጓደኛው በቪዲዮ ይደውልለትና ያሳየዋል። ዳረንም ዘይት ተቀብቷል ወይ፣ እርጥበት አልነካውም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስክሪን ሾት አሳየን። ጋሼ ደምሰው ፎቶውን አይተው፣ በጣም ደህና ይመስላል፣ ወፍሯል እንኳ አሉት። እኔ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን የምር ነበር የሚያጽናኑት። ሠላሳ ዓመት ዘመዶቻቸውን ያዩት እንዲሁ በስልክ ነው።

ዳረን ጠመንጃ አያውቅም የሚባል ሰው ስላልሆነ ፈታኝ እንዲሆነን ጠየቅነው። እኔም የማርክ ወረቀት አዘጋጀሁ። በትምህርት ቤት ልማድ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ያልፋል፤ እዚህ ግን ዝቅተኛ ያመጣ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ አፈሙዙን በመጋዝ አሳጠሩት። ዳረን ገና ሲያየው የአንድ አገር ፈረሰኞች የሚይዙት አጭር ጠመንጃ ነው ብሎ ስሙንና ዓመቱን ተናገረ። ወደቅን። ከዚያ ሌላ እንጨት ተወሰደና አፈሙዙ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ወፈረ። ዳረን በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ ደግሞ ቦምብ መወርወሪያ ሆኗል፣ በረሃ ውስጥ ጥሩ አገልግሏል አለ። ቃታውን አወለቁለት፤ ቃታ የሌለው ዓይነት አለ አለ። የሰው ልጅ ያልሞከረው የጠመንጃ ቅርጽ አለመኖሩን እንዲህ በአንድ ጠዋት ተማርኩ። ለክፍሌ እንዴት እንደማስተምረው ግን እስካሁን አላወቅኩም።

በስድስት ሰዓት የጾም ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ ጋሼ ደምሰው አዲስ እንጨት ሞርሳው ላይ አሰሩ። እጃቸውን ግን አላሰሩትም።

«ዛሬ እለቀዋለሁ፤ የፈለገበት ይሂድ» አሉ።

መላጊያው እንደ እጃቸው ሄደ፤ ተንቀጠቀጠ፣ ተንሸራተተ፣ ቦረቦረ። አፈሙዙ እንደ እባብ ተጣመመ፤ ሰደፉ በአንድ ወገን አበጠ። አንድ ቦታ ብቻ ሲደርሱ መላጊያውን አስቀመጡ፤ ከቃታው ኋላ እጅ የሚያርፍበት አንገት ላይ። እሱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ለረጅም ጊዜ ሠሩት። ወረቀቴን እንድነብላቸው አልጠየቁኝም።

ዳረን መጥቶ አየ። ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየው። በመጨረሻ ይቅርታ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም አለ። ዜሮ ሰጠሁ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ከአሻንጉሊቱ ትከሻ ላይ ያወለቀውን የቆዳ ማንገቻ አመጣልን፤ ማንገቻ በሕግ አይከለከልም አለ።

ከኤደን ጋር ክሬጊበርን በመኪና ሄድን፤ በአንድ ወገን አዳዲስ ቤቶች፣ በሌላ ወገን መጋዘኖች። ግሌንዳ ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች መጣች። ኤደን እንጨቱ የተጠቀለለበትን ብርድ ልብስ ገለጠች። ግሌንዳ ብዙ አየችና ግራ ገብቷት የሙዚቃ መሣሪያ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኤደን ደስታ አልቻለችም፤ እቅፍ አደረገቻት። እኔም አጨበጨብኩ። ጋሼ ደምሰውን ዞር ብዬ ሳይ እቃውን መልሰው በብርድ ልብሱ እየሸፈኑ ነበር፤ እንደ ሬሳ።

ቅዳሜ

ሰርጉ እንደ ሰርግ ነው፤ ዶሮው፣ ጥብሱ፣ ጭፈራው። ከእኛ የሚለየው ሙሽሮቹ ሰዓታቸውን አክብረው መምጣታቸውና ልጆቹ በእንግሊዝኛ መጣላታቸው ነው። ግሌንዳ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ እትዬ አስካለ ትልቅ ሳህን አስይዘዋታል።

ጋሼ ደምሰው ነጭ ለብሰው ወጡ። እቃውን በዳረን ማንገቻ አንግተውታል። ከኋላዬ አንድ ሰው ለሚስቱ «ምስኪን፣ እጁ እንዲህ ሆኗል እንዴ» ሲል ሰማሁ። በሌላውም ጠረጴዛ እንዲሁ ይባል ነበር፤ ከፊታቸው ይነበባል። እሳቸውም አንብበውታል፤ አንድ ጊዜ ቆም አሉ። ከዚያ ፎከሩ። አባታቸውን ጠሩ፣ ጫካውን ጠሩ፣ ልጃቸውን ጠሩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርሱ እንደ ልማዳችን ሰደፉን አዙረው ወደ ሙሽራው ወገን ሄዱ።

የሙሽራው ወገን ታላቅ እትዬ በለጡ ይባላሉ፤ የሙሽራው አያት ናቸው። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ከብርሃንና ከጨለማ በቀር አይለይም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ያበጠውን ሰደፍ ዳሰሱና ግራ ገባቸው። ጣታቸው ወደ ፊት ሄደ፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጃቸው ዙሪያውን ያዘው፣ ለቀቀው፣ እንደገና ያዘው።

«ምንሽር ነው» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም ሁሉም ሰማ። «አባቴ ራስጌ ይሰቀል ነበር። የማን ነው ይኼ?» ከዚያ ፊታቸው ተቆጣ። «አፈሙዙን ከልጆቹ አዙርልኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

ጠረጴዛው በሙሉ ተንቀሳቀሰ። እናቶች ልጆቻቸውን ሳቡ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ምስኪን ያለው ሰው ራሱ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሁለት መቶ ሰው ከአንድ ጠማማ እንጨት ፊት ገለል አለ። ጋሼ ደምሰው አፈሙዙን ቀስ ብለው፣ በሙሉ ጥንቃቄ፣ ወደ ጣራው አዞሩት። እንዲህ ቀጥ ብለው ቆመው አላየኋቸውም።

እትዬ በለጡ መረቁ። ምርቃቱ ሳያልቅ ግን ግሌንዳ ሳህኗን አስቀምጣ እየሮጠች መጣች። ሰዎቹ ለምን እንደሸሹ ማወቅ ፈለገች፤ አሮጊቷ ምን ነው ያሉት ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ኤደን ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

በመምህርነቴ ለተጠየቅኩት ሁሉ እስከ መጨረሻው አስረድቻለሁ፤ የአየር ማረፊያውን ሁለት ሰዓት ያመጣብኝም ይኸው ነው። ግሌንዳን አየሁ፣ እቃውን አየሁ።

«ጥሩ እንጨት ነው አሉ» አልኳት።

ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ የሰሙት ጋሼ ደምሰው ከአጠገቤ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«እንጨቱማ ከመንገድ ዳር ያነሣሁት የአልጋ እግር ነው» አሉኝ። «በደንብ ተርጉሚ እንጂ ምሥራቅ። ጥሩው ሥራው ነው በያት።»